ከመንገድ ዳር የተነሳ ፈረስን ከነባር ፈረሶች ጋር እንዴት እንቀላቅል?

«ጋሪ ሲጎትት ኖሮ የተጣለ ፈረስ ከአስፋልት ዳር አንስቼ ግቢዬ አስገባሁ። ከፈረሶቼ ጋር መቼ ልልቀቀው?» ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አያልቅም። አንዳንዱ የሚደውለው ከለቀቀው በኋላ፣ ፈረሱ ተረግጦ ማነከስ ሲጀምር ነው። ስለዚህ መልሱን ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

አጭሩ መልስ፣ በትንሹ ከአንድ ወር በኋላ ነው። መጀመሪያ ጤናውን ታረጋግጣላችሁ፣ ጎን ለጎን ምግቡን ታስተካክላላችሁ። ከዚያ በአጥር ማዶ ይተያያሉ፣ ቀጥሎ አንድ ጓደኛ ይሰጠዋል፣ መጨረሻ ላይ መንጋው ውስጥ ይገባል። ፈረሶች ሲገናኙ መገፋፋታቸው አይቀርም። ከባድ ጉዳት የሚመጣው የሚባረረው ፈረስ መሸሻ ሲያጣ ነው። ከታች ያለው ዝግጅት ሁሉ መሸሻ እንዲኖረው፣ ለመሸሽም አቅም እንዲኖረው ነው።

የጻፍኩት በደጋውና በወይና ደጋው ከሦስት እስከ ስድስት ፈረስ ላላቸው ሰዎች ነው። ቦታችሁ ሰፊ ባይሆንም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለብቻው የሚያድርበት ጋጣ። ጣሪያ ያለው፣ ጅብ የማያስገባ በር ያለው ይሁን። ብቻውን የታሰረ ደካማ ፈረስ ለጅብ ቀላል ነው።
- የባሕር ዛፍ አጣና፣ ለመሃል አጥርና ማዕዘን ለመዝጋት።
- የራሱ ባልዲ፣ ልባብ፣ ገመድና ብሩሽ። ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል ቀለም ቀቡት ወይም ጨርቅ እሰሩበት።
- ቴርሞሜትር (ዲጂታሉ ይሻላል)።
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ክብደት ለመገመት።
- ጥሩ ድርቆሽ። አልፋልፋ ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ።
- ቦቲ ጫማ፣ ሳሙና፣ በረኪና።
- የሙቀትና የክብደት መመዝገቢያ ደብተር።
- በመቀላቀያው ቀን አብሯችሁ የሚቆም፣ ፈረስ የማይፈራ አንድ ሰው።
- የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥር። ከወረዳችሁ ክሊኒክ ጀምሩ። ለከባድ ጉዳይ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

1. ቢያንስ ለ3 ሳምንት ለብቻው አቆዩት፤ 4 ቢሆን ይመረጣል

ከነባሮቹ በትንሹ 10 ሜትር ይራቅ፤ አፍንጫ ለአፍንጫ አይገናኝ። ውሃም ሆነ ግርግም አይጋራ። በየቀኑ መጀመሪያ የነባሮቹን ሥራ ጨርሱ፣ ወደ አዲሱ መጨረሻ ላይ ሂዱ። ስትወጡ ጫማችሁንና እጃችሁን ታጠቡ። ፋንድያውንም ለብቻ አስወግዱ፣ የሆድ ትላትል የሚተላለፈው በእሱ ነው።

ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ለኩና መዝግቡ። የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ ሐኪም ጥሩ። ትኩሳት ከሌላው ምልክት ቀድሞ ስለሚመጣ፣ በዚያ ሰዓት ከያዛችሁት መንጋውን ታተርፋላችሁ።

በየቀኑ የምትፈትሹት ይህን ነው፦

*የአፍንጫ ፈሳሽና ከመንጋጋ ሥር ያበጠ እጢ።* ወፍራም ንፍጥ፣ ትኩሳትና እጢ አብረው ከመጡ በባልዲ ሳይቀር የሚተላለፍ የፈረስ ጉሮሮ በሽታ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ሦስት ሳምንት የምላችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

*በደረት፣ በአንገትና በእግር ላይ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች።* ጋሪ የጎተተ ፈረስ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። እጃችሁን በቆዳው ላይ ቀስ አድርጋችሁ ስታሳልፉ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ ጠንካራ እብጠቶች ይሰማችኋል። በኋላ ይፈነዱና መግል ያወጣሉ። ይህ በፈንገስ የሚመጣ የሊምፍ በሽታ ነው። በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። ምልክቱን ለማሳየት ወራት ሊወስድበት ስለሚችል ከማግለያው ካወጣችሁት በኋላም ፍተሻውን አትተዉ። ገጣባ ካለው ቁስሉ ዝንብ እንዳያርፍበት ይሸፈን፣ ድኖ ሳይደርቅም ከሌሎች አይቀላቀል።

*ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ማበጥ፣ ከባድ ትንፋሽ፣ ከአፍንጫ አረፋ።* እነዚህ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ምልክቶች ናቸው፤ ሰዓት አይሰጥም። የሚያስተላልፉት ከምሽት እስከ ንጋት የሚወጡ ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ይብሳሉ። በዚያ ወቅት ሁሉንም ፈረስ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ አስገቡ።

*ቅማል፣ መዥገር፣ እከክ።* እነዚህ ቀላል ናቸው፤ ግን ከመቀላቀሉ በፊት ይታከሙ።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ የመጣበትን ስለማታውቁ የእብድ ውሻ በሽታንም አስቡ። መዋጥ ካቃተው፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ ወይም ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። በሩን ዝጉና ሐኪም ጥሩ።

2. ቀስ ብላችሁ መግቡት

አጥንቱ የወጣ ፈረስ ሲታይ እጅ ወደ ገብስ ይሄዳል። እባካችሁ አታድርጉት። ብዙ የተነሱ ፈረሶች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ሲኖር የቆየው የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ነው። በድንገት እህል ሲገባ ኢንሱሊን ከፍ ይላል። ኢንሱሊኑም በደም ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴሎች ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ልብና ትንፋሽ ይደክማሉ። አደጋው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መመገብ ከተጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሰው «አሁንማ ተረፈ» ባለበት ሰዓት ነው።

የጎድኑ፣ የጀርባውና የዳሌው አጥንት ከሩቅ ለሚታይ፣ 250 ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን ፈረስ እንዲህ ጀምሩ፦

- ከ1ኛ እስከ 3ኛ ቀን፦ ሩብ ኪሎ ገደማ አልፋልፋ በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር።
- ከ4ኛ እስከ 10ኛ ቀን፦ መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፣ ጊዜውን አራርቁ። 6ኛው ቀን ላይ በየ8 ሰዓቱ 1 ኪሎ ገደማ ይደርሳል።
- ከ10ኛው ቀን በኋላ፦ ድርቆሽ የፈለገውን ያህል።

አልፋልፋን የመረጥኩት ስኳሩና ስታርቹ ዝቅ ያለ፣ ማዕድኑና ፕሮቲኑ ጥሩ ስለሆነ ነው። ካልተገኘ ሻጋታ የሌለው ጥሩ የሣር ድርቆሽ በዚሁ አካሄድ ስጡ። የጤፍ ጭድ ብቻውን አይበቃም። ገብስ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ ከዚያም ሐኪሙን ጠይቃችሁ በእፍኝ ጀምሩ። ንጹህ ውሃ ግን ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር።

የከሳ ፈረስ ወደ ልኩ ለመመለስ ከ3 እስከ 5 ወር ይፈጅበታል። ለመቀላቀል እስኪሞላ መጠበቅ የለባችሁም። ክብደቱ ወደ ላይ መሄድ መጀመሩ፣ ሳያነክስና ትንፋሽ ሳያጥረው ሶምሶማ መሮጥ መቻሉ ይበቃል። መሮጥ የማይችል ፈረስ ከሚያባርረው ማምለጥ አይችልም። ሆዱ የጎደለ ደግሞ እየተረገጠም ከድርቆሹ አይነሳም።

3. ሐኪሙ ሲመጣ ይህን አስጨርሱ

ክብደት። የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በእሱ ነው። ከፊት እግሩ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለኩ። ከትከሻው ፊት ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ያለውን ርዝመትም ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,900 አካፍሉት። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135 ከሆነ ወደ 238 ኪሎ ይመጣል። በየሳምንቱ ለኩና መዝግቡ።

የትላትል መድኃኒት። በመጀመሪያው ቀን አትስጡ። በጣም የተጎዳ ፈረስ ሆድ ውስጥ ብዙ ትል ባንድ ጊዜ ሲሞት ሆዱን ሊያውክ ይችላል። ትንሽ ጠንከር ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ይስጠው።

ክትባት። ስለ መንጋጋ ቆልፍ፣ ስለ አፍሪካ የፈረስ በሽታና ስለ እብድ ውሻ ጠይቁ። ለነባሮቹም ጭምር።

ሰኮና። ይከርከም። የኋላ እግሩ ብረት ከተመታበት ይውለቅ፤ የነባሮቹም እንዲሁ። ብረት ያለው ሰኮና አጥንት ይሰብራል።

ባዝራ ከሆነች እርግዝና ይታይ። ድንጉላ ከሆነ ባዝራ ካለበት መንጋ ጋር አይቀላቀል፤ ከተኮላሸ በኋላም ቢያንስ 6 ሳምንት ይቆይ፣ እስከዚያ ማስረገዝ ይችላልና። ከአርሲና ባሌ አካባቢ የመጣ ከሆነ ደግሞ በጥቂ (በወሲብ ግንኙነት) የሚተላለፈው ዱሪን የሚባለው በሽታ ስላለ የብልት እብጠት እንዳለው ሐኪሙ ይመልከተው።

4. ቦታውን አዘጋጁ

የምትቀላቅሉበት ሜዳ ትልቁ ያላችሁ ቦታ ይሁን። እኔ ለአራት ፈረስ ከሩብ ሄክታር ባነሰ ቦታ አልሞክርም።

ማዕዘኖቹን ዝጉ። በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ አጣና ሰያፍ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ሹልነቱ እንዲጠፋ። አባራሪው ሲያጣድፈው ተባራሪው ማዕዘን ላይ ከመቆም ይልቅ በአጥሩ ዳር ዞሮ ይወጣል። ከሥራው ሁሉ ትንሽ ድካም ጠይቆ ብዙ ጉዳት የሚያስቀረው ይህ ነው።

የሾህ ሽቦ ካለ አንሱት። ማንሳት ካልቻላችሁ ከውስጥ በኩል የአጣና አጥር ድገሙ፣ ሽቦው ላይም ነጭ የማዳበሪያ ቁራጭ በየአንድ ሜትሩ እሰሩ። የሚሮጥ ፈረስ ቀጭን ሽቦ አይታየውም። ጉድጓድ ይከደን፣ ቆርቆሮና ድንጋይ ይነሳ። ውሃ በሁለት ቦታ ይሁን።

5. በአጥር ማዶ ይተዋወቁ

የማግለያው ጊዜ ካለቀና ጤናው ከተረጋገጠ በኋላ አዲሱን ከነባሮቹ ጎን ባለ የተከለለ ቦታ አውሉት። ከ7 እስከ 10 ቀን እንዲህ ይቆይ። አጥሩ ጠንካራ፣ ቁመቱም ደረት ድረስ የሚደርስ ይሁን። በአጣናዎቹ መሃል እግር የሚያስገባ ክፍተት አይኑር።

መጀመሪያ ሲገናኙ አንገታቸውን ቀስረው ይጠጋሉ። አፍንጫቸውን ያገናኛሉ፣ ለጥቂት ጊዜ ይተነፋፈሳሉ። ከዚያ አንዱ ድንገት ይጮህና በፊት እግሩ አየር ይመታል። ይህ ጤነኛ ሰላምታ ነው፤ እየሮጣችሁ ገብታችሁ አትለያዩዋቸው። እኛ ስንደናገጥ ፈረሱም «አደጋ አለ» ብሎ ይማራል።

ድርቆሹን በሁለቱም በኩል ከአጥሩ ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በየቀኑ ትንሽ አቀራርቡት። ጎን ለጎን ሆነው፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ሳይጥሉ መብላት ሲጀምሩ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። ቀኑ ቢሞላም ይህን ካላያችሁ ጠብቁ።

ስለ ጋሪ ፈረስ አንድ ነገር ልጨምር። ለዓመታት በዓይን መከለያ የሠራ፣ ብቻውን የታሰረ ፈረስ የሌላውን ፈረስ ምልክት ማንበብ ሊቸግረው ይችላል። ጆሮ ሲጣልበት አይሸሽም፣ ወይም ሳይነካ ይደነብራል። እንዲህ ያለው ፈረስ ላይ ይህን ደረጃ ሁለት እጥፍ አድርጉለት። አንድ ዓይኑ የማያይ ከሆነም እንዲሁ።

6. አንድ ጓደኛ ምረጡለት

ከነባሮቹ እርጋታ ያለውን አንዱን አውጡና ከአዲሱ ጋር ለብቻ አኑሩ። የመንጋውን አለቃ አትምረጡ፤ ውርንጭላ ያላትን ባዝራም አትምረጡ። በአጥሩ በኩል ቀድሞ የቀረበው ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ነው። በዕድሜ ገፋ ያለ ባዝራ ወይም የተኮላሸ ፈረስ ይመቻል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መንጋው ውስጥ ብቻውን የሚገባ ፈረስ የሁሉም ዓይን ያርፍበታል። ጓደኛ ይዞ ሲገባ ግን የሚጠጋው አካል አለው፤ አባራሪዎቹም ለሁለት ይከፈላሉ።

ለአንድ ሳምንት ያህል አብረው ይዋሉ። ጎን ለጎን ተጠጋግተው ጋማ ሥር በጥርስ ሲተካከኩ ካያችሁ ጓደኝነቱ ያዘ ማለት ነው።

7. መቀላቀያው ቀን

1. ጠዋት ይሁን፣ መሬቱ ደረቅ ይሁን። ዝናብ ከዘነበ ለሌላ ቀን አድርጉት፤ ጭቃ ላይ የሚሮጥ ፈረስ ተንሸራቶ ይሰበራል። ጠዋት ከጀመራችሁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማየት ትችላላችሁ።
2. ሁሉንም አስቀድማችሁ ድርቆሽ አብሏቸው። የጠገበ ፈረስ ለመጣላት ይሰንፋል።
3. ነባሮቹን ከሜዳው አውጡና አዲሱን በልባብ ይዛችሁ አጥሩን ዙሩት። በሩን፣ ውሃውንና ማዕዘኑን ይወቅ።
4. ድርቆሹን ከፈረሶቹ ቁጥር በሁለት በሚበልጥ ቦታ ክፈሉት። ፈረሶቹ አምስት ከሆኑ ሰባት ቦታ። በመካከላቸው 10 ሜትር ያህል ይኑር፣ ከአጥርም ይራቅ። የተባረረ ፈረስ ሁልጊዜ ሌላ ክምር ያገኛል።
5. አዲሱንና ጓደኛውን መጀመሪያ ልቀቁ። ገመድ አይኑር፣ እግር አይታሰር፣ ልባብም ይውለቅ። የሚጎተት ገመድ እግር ይጠልፋል።
6. ነባሮቹን አንድ በአንድ ጨምሩ፤ አለቃውን መጨረሻ።
7. ወጥታችሁ ከአጥሩ ውጭ ቁሙ።

ማሽካካት፣ ማባረር፣ ጆሮ መጣል፣ ቆዳ ሳይቀድድ መንከስ፣ አንድ ሁለቴ አየር መርገጥ ያለ ነው። አብዛኛው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይረግባል።

አቁሙ የሚያስብሉ ምልክቶች፦ አንዱ ፈረስ ሳያርፍ ደጋግሞ ሲያጣድፈው፤ ወደ ኋላ እያፈገፈገ በሁለት የኋላ እግሩ አነጣጥሮ ሲረግጥ፤ አንገት ወይም ጉልበት ነክሶ ሲይዝ፤ አዲሱ ላብ በላብ ሆኖ አፍንጫውን ነፍቶ በከባዱ ሲተነፍስ፤ ወይም ሲወድቅ።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ለማገላገል መሃል አትግቡ። ሰው የሚረገጠው እዚያ ላይ ነው። በሩን ክፈቱ፣ ጣሳ እየመታችሁ ትኩረታቸውን ሳቡ። በረጅም ዱላ አባራሪውን አርቁና አዲሱ ከጓደኛው ጋር እንዲወጣ አድርጉ። አባራሪውን ለጥቂት ቀናት አውጡት፣ ሌሎቹ ከአዲሱ ጋር ይላመዱ። እሱ ሲመለስ መጤው እሱ ይሆናል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። በየቀኑ ጨምሩበት። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሌሊት ለየብቻ ይደሩ። ጠባብ ጋጣ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ማንም ሳያይ የሚሆነው ነው የሚያሰጋው።

8. ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ማታ ማታ አዲሱን በእጃችሁ ዳብሱት። እብጠት፣ የንክሻ ቁስል፣ ትኩስ እግር ካለ ከፀጉሩ ሥር በዓይን አይታይም። የተወጋ ቁስል ትንሽ ቢመስልም ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይከፍታል፤ ታጥቦ ሐኪም ይየው።

ሜትሩን አትተዉ። መንጋ ውስጥ ገብቶ መክሳት ከጀመረ ሌሎቹ ምግብ እየከለከሉት ሊሆን ይችላል። ውሃ ላይም ቆማችሁ እዩ፤ አንዳንዱ ፈረስ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ደካማውን አያስጠጋም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

- «ፀባዩ ገር ነው» ብሎ በመጣበት ቀን መልቀቅ። የደከመ ፈረስ ሁሉ ገር ይመስላል።
- አንዱን ፈረስ በገመድ ይዞ «ማስተዋወቅ»። የታሰረው መሸሽ ስለማይችል ይዋጋል፤ የያዘውም ሰው ይጎዳል።
- ለማስታረቅ ብሎ አንድ ባልዲ ገብስ መሃል ማስቀመጥ። ይህ ለጠብ መጥራት ነው።
- የሚያሳዝነውን ፈረስ መንጋው ፊት ለብቻው በእጅ ማጉረስ። ሌሎቹ ይመጡበታል።
- የተጣሉ ቀን ለይቶ፣ በነጋታው እንደገና ከሁሉም ጋር መልቀቅ። ወደ አጥሩ ደረጃ ተመለሱ።

አጥር የሌለን ምን እናድርግ?

ፈረሶቻችሁን በገመድ አስራችሁ የምታግጡ ከሆነ፣ አዲሱን ገመዶቹ በማይደራረሱበት ርቀት እሰሩትና በየቀኑ በጥቂቱ አቀራርቡ። ገመዶቹ እስኪደራረሱ ግን በፍጹም። ልቅ ሆነው የሚገናኙበትን ቀን ጎረቤት ያለው የታጠረ ቦታ ለምናችሁ አድርጉት።

ጨርሶ ካልተስማማስ?

ሁለት ወር ሞክራችሁ አሁንም እየተነከሰና እየከሳ ከሆነ አታስገድዱት። ከመረጠው አንድ ጓደኛ ጋር ለሁለት ይኑሩ። ፈረስ ብቻውን መኖር ይከብደዋል፤ በሁለት ግን ደህና ይኖራል። የአንድ ጓደኛ ጉዳይ ከሆነ አህያም ይሆናል፤ እሷም በመጀመሪያ ሦስቱን ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ሌላ የምታስተውሉት ነገር፣ አዲሱ ሥጋ ሲያወጣ ድፍረትም ይመጣለታል። ከሦስት አራት ወር በኋላ ነገሩ ተረጋጋ ስትሉ ደረጃውን ከፍ ለማድረግ እንደገና ሊገፋፋ ይችላል። በዚያ ሰሞን የድርቆሹን ክምር መልሳችሁ አብዙ፣ ሰኮናም በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከርከም፣ በደረትና በእግር ላይ የእብጠት ፍተሻውንም ቀጥሉ።